በ45,000 ብር ደመወዝ ሐዋሳ ላይ ተመችቶን እንኖራለን?

ጥያቄው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላቅርበው፦

«ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ልጆቹ 7 እና 3 ዓመታቸው ነው። ሁለታችንም ተቀጣሪዎች ነን፤ የእኔ ደመወዝ 42,000፣ የባለቤቴ 20,000 ብር ነው። ለቤት ኪራይ 15,000፣ ትንሹን ልጅ ለምትይዝልን ሠራተኛ 3,500 እንከፍላለን። ባለቤቴ ለእናቷ በወር 3,000 ትልካለች። ወር ከወር አይገጥምልንም፤ በየመስከረሙ እንበደራለን። አሁን ሐዋሳ ያለ ድርጅት 45,000 ብር አቅርቦልኛል። ከሄድን ባለቤቴ ሥራ ትታ ልጆቹን ትይዛለች። የወር ወጪያችንን አስልቻለሁ፤ ኪራይ 12,000፣ አስቤዛ 10,000፣ የትልቁ ልጅ ትምህርት ቤት 3,000፣ ትራንስፖርት፣ ስልክና ኢንተርኔት 2,000፣ መብራትና ውኃ 1,000፣ በድምሩ 28,000። በወር 17,000 ይተርፈኛል ማለት ነው። ጓደኞቼም ‹ሐዋሳ በ30,000 ብር ንጉሥ ሆነህ ትኖራለህ› ይሉኛል። እውነታቸውን ነው? አንድ ቤተሰብ እዚያ ተመችቶት ለመኖር ስንት ገቢ ያስፈልገዋል?»

17,000 አይተርፍዎትም። የሚተርፍዎት 150 ብር ነው። ስህተቱ ያለው የሐዋሳ ዋጋ ላይ ሳይሆን የስሌቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ነው። ከ45,000 ላይ 28,000 ቀንሰዋል። 45,000ው ግን ውል ላይ የሚጻፈው ያልተጣራ ደመወዝ ነው፤ ባንክ የሚገባልዎ ሌላ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው በ15 በመቶ ይጀምርና ከ14,000 በላይ ሲሆን 35 በመቶ ይደርሳል። የሒሳብ ክፍል ሰዎች አቋራጭ መንገድ አላቸው። ደመወዙ ከ14,000 ካለፈ ጠቅላላውን በ35 በመቶ አባዝተው 2,050 ብር ይቀንሳሉ። በዚህ መንገድ የ45,000 ብር ግብር 13,700 ይመጣል። በዚያ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ አለ፤ 3,150 ብር። አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ከእርስዎ ኪስ አይወጣም፣ እሱን ይተዉት። ሁለቱ ሲቀነሱ 28,150 ብር ይቀራል። ወጪዬ 28,000 ነው ብለዋል። እንግዲህ 150 ብር የቀረው እንዲህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ደመወዝዎ ከ14,000 ካለፈ በኋላ ከሚጨመርልዎ ከእያንዳንዱ ብር እጅዎ የሚገባው 58 ሳንቲም ብቻ ነው። 35ቱ ለግብር፣ 7ቱ ለጡረታ ይሄዳል። ከ42,000 ወደ 45,000 ሲያድጉ 3,000 ብር ጭማሪ አገኘሁ ብለው ይሆናል። በእጅ የሚያዘው 1,740 ብር ነው። «ግብር ተሻሽሎልናል እኮ» የሚል ካለ ደግሞ፣ ልክ ነው፣ ተሻሽሏል። የድሮው ሠንጠረዥ ነፃ የሚያደርገው 600 ብር ብቻ ነበር፤ 35 በመቶውም ከ10,900 በላይ ይጀምር ነበር። ከ14,000 በላይ ለሚያገኝ ሰው ማሻሻያው በወር ያመጣለት ልዩነት 550 ብር ነው። ደመወዝዎ 15,000 ይሁን 150,000፣ ያው 550 ነው።

አሁን ሁለቱን ከተሞች እናስተያይ። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ የእርስዎ የተጣራ ደመወዝ 26,410፣ የባለቤትዎ 13,650 ነው። አንድ ላይ 40,060 ብር ቤት ይገባል። ሐዋሳ ላይ የሚገባው 28,150 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የቤተሰቡ ገቢ በ11,910 ብር ይወርዳል። ሚዛናዊ እንሁንና መሄዱ የሚያተርፈውንም እንቁጠር። ኪራይ ከ15,000 ወደ 12,000 ሲወርድ 3,000፣ ሠራተኛዋ ስትቀር 3,500፣ በድምሩ 6,500 ይቆጥባሉ። ሌላው ወጪ ባለበት ይቀጥላል ካልን በየወሩ ከዛሬው በ5,410 ብር የባሰ ላይ ይሆናሉ። ዛሬ እየተበደሩ ነው የሚኖሩት። የዛሬውን ሳይደፍኑ ሌላ ጉድለት ሊጨምሩበት ነው።

ወደ ጓደኞችዎ ምክር ልምጣ። ቅዳሜና እሑድን ሐይቅ ዳር አሳልፎ፣ አሞራ ገደል ዓሣ በልቶ የተመለሰ ሰው ስለ ሐዋሳ ኑሮ ሲያወራ ብዙ አይመኑት። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ የምትረክሰው በጥቂት ነገሮች ነው። ዋናው ኪራይ ነው። ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ርቀቱ አጭር ነው፣ በባጃጅ፣ በብስክሌት ወይም በእግር ሥራ ይደረሳል። አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ይዘው የሚያጠፉት ጊዜ ይመለስልዎታል። እውነቱን ለመናገር የሐዋሳ ትልቁ ትርፍ ይሄ ይመስለኛል። ሦስተኛው ከአካባቢው የሚመጣው ነው፦ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ቡና፣ ቆጮ።

ቀሪው የወጪ ዝርዝር ከተማ አይመርጥም። የመብራት ታሪፍ በመላው አገሪቱ አንድ ነው፤ ከ2017 መስከረም ጀምሮም በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ የሚሄድ ነው። የስልክና የኢንተርኔት ጥቅልም እንደዚሁ። የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት ይተመናል። ዘይት፣ ዳይፐር፣ መድኃኒት፣ የልጅ ጫማ ሐዋሳ ስለሆኑ አይረክሱም፤ የጭነት ተጨምሮባቸው ሊወደዱም ይችላሉ። ሲዳማ ደግሞ የእንሰትና የቡና አገር እንጂ የጤፍ አገር አይደለም። ቤትዎ በየቀኑ የጤፍ እንጀራ የሚበላ ከሆነ አስቤዛው ላይ ትልቅ ቅናሽ አይጠብቁ። ቆጮና በቆሎ የለመደ ቤተሰብ ግን ልዩነቱን ያየዋል። ለማንኛውም ጤፉን በችርቻሮ ሳይሆን ምርት ሲገባ፣ ታኅሣሥና ጥር አካባቢ፣ በኩንታል ይግዙ።

ስለ ኪራይም አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጓደኞችዎ የነገሩዎት ዋጋ የየትኛው ሰፈር፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጠይቋቸው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት ከየአካባቢው የመጡ ወጣት ሠራተኞች አንድ ክፍል ለአራት ለአምስት እየተጋሩ መኖር ጀመሩ። ስለዚህ «ቤት በዚህን ያህል ይገኛል» የሚባለው ወሬ ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ክፍል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ስለሆነ ግቢ ነው። ሁለት ልጅ ይዞ የሚገባ ሰው የሚፈልገው ቤት ሌላ ነው። ወደ ዳቶ ወይም ወደ ቱላ ወጣ ካሉ ኪራዩ ይቀንሳል። ነገር ግን ልጁን ትምህርት ቤት ለማድረስ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ባጃጅ ከቀያየሩ የቀነሰው በዚያ በኩል ይወጣል።

ቤት ሲያዩ ቆጣሪውን ይዩ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። የመኖሪያ ቤት የመብራት ታሪፍ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው፤ ጥቂት ለተጠቀመ ርካሽ፣ ብዙ ለተጠቀመ ውድ። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ እላይኛው እርከን ላይ ይወጣል። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን በርካሹ እርከን የሚከፍል ሰው የውድ ተጠቃሚ ሒሳብ ይካፈላል። አከራዩ ካላጭበረበረም እንኳ ሒሳቡ ራሱ ይጎዳዎታል። በዚያ ላይ ምጣድ የሚጥደውና አንድ አምፖል ያለው እኩል ይካፈሉ ሲባል ጠብ አለ። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት በ500 ብር ቢወደድም እሱን ይምረጡ። ውኃውንም ይጠይቁ፤ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ሮቶ አለው ወይ። አከራዩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን ይጠይቁ።

አሁን ከዝርዝርዎ ስለጎደለው። የላኩልኝ የአንድ ተራ ወር ወጪ ነው። በዓመት ውስጥ ግን ተራ ያልሆኑ ወራት አሉ። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርም፣ ደብተር ይመጣል። እንቁጣጣሹም በዚያው ወር ነው፤ ዶሮ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርት። በየመስከረሙ የሚበደሩት አባካኝ ስለሆኑ አይደለም። በ12 ወር ውስጥ በእርግጠኝነት እንደሚመጣ የሚያውቁትን ወጪ ለመጣበት ወር ስለሚተዉት ነው።

ለስሌቱ ያህል እኔ ግምት ላስቀምጥ፤ እርስዎ በራስዎ ቁጥር ይተኩት። ለትምህርት ቤት ምዝገባና ዕቃ 12,000፣ ለበዓላት 20,000፣ ለልብስና ጫማ 10,000፣ ለሕክምና 10,000፣ ዘመድ ለመጠየቅና ለልቅሶ አዲስ አበባ ለመመላለስ 8,000። በዓመት 60,000፣ በወር 5,000 ማለት ነው። የሕክምናውን አይናቁት። ሐዋሳ ወባ ያለበት ከተማ ነው፤ ሕፃን ይዞ ከደጋ የሚሄድ ሰው አጎበር ሳይሰቅል አንድ ቀን ማደር የለበትም። አዲስ አበባም 275 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አራት ሰው ደርሶ መልስ ሲሳፈር ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ሌላው የጎደለው የአማትዎ 3,000 ብር ነው። ጥያቄዎ ውስጥ ጽፈውታል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን የለም። ባለቤትዎ ከራሳቸው ደመወዝ ስለሚልኩት ተረስቶ ይሆናል። ደመወዙ ሲቀር መላኩ ይቀራል? አይመስለኝም። ይህ በብዙ ቤት የማየው ነገር ነው። የሚስት ደመወዝ «ለትርፍ ነገር ነው» ይባላል። ሲፈተሽ ግን የእናት ድጎማ፣ የልጆች ልብስ፣ የዕድርና የእቁብ ክፍያ በሙሉ በእሱ የተሸፈነ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ 28,000 ላይ 5,000ውንና 3,000ውን ሲጨምሩ 36,000 ብር ይሆናል። ይህ ሳይበደሩ ለመኖር የሚያስፈልግ የተጣራ ገቢ ነው። ምቾት የሚባለው እዚህ አይጀምርም። እኔ ተመችቶታል የምለው አንድ ሰው ቢታመም ወይም ሥራ ቢቋረጥ ወዲያው የማይናጋ ቤት ሲሆን ነው። ለዚህ ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ በእርስዎ ሒሳብ 108,000 ብር። በወር 6,000 ቢያስቀምጡ 18 ወር ይፈጃል። ስለዚህ የምቾቱ መስመር 42,000 ብር የተጣራ ነው።

ከተጣራው ወደ ያልተጣራው መመለሻው ይኸውልዎ። ከሚፈልጉት የተጣራ ገቢ ላይ 2,050 ይቀንሱ፤ የቀረውን ለ0.58 ያካፍሉ። ደመወዙ ከ14,000 በላይ እስከሆነ ድረስ ለማንም ይሠራል። በእርስዎ ሁኔታ ብቻዎን ሠርተው ሳይበደሩ ለመኖር 58,500 ብር አካባቢ፣ ተመችቶዎት ለመኖር ደግሞ ወደ 69,000 ብር ያልተጣራ ደመወዝ ያስፈልጋል። የቀረበልዎ 45,000 ነው።

«ታዲያ ሐዋሳ ያለው መምህር እንዴት ነው የሚኖረው?» ሊሉኝ ይችላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከ2018 መስከረም ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ከግብርና ከጡረታ በኋላ 8,595 ይደርሰዋል። እርስዎ ያዩት ቤት ኪራይ ብቻ ከዚህ ይበልጣል። ይህ ሰው የሚኖረው አንድ ክፍል ተከራይቶ ወይም ተጋርቶ፣ ከቤተሰብ እህል እየመጣለት፣ ማታ እያስጠና ነው። ይኖራል፤ ተመችቶታል ግን አይባልም። እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ምቾት ስለሆነ መልሴም በዚያው ልክ ነው። ልጆቹን መንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባ፣ አንድ መኝታ ክፍል የሚበቃው ቤተሰብ የእኔ ቁጥር አይመለከተውም፤ ከዚያ በጣም ባነሰ ይኖራል።

በዶላር የሚያስቡ አንባቢዎች ካሉ ለእነሱም አንድ ቃል ልጨምር። ከ2016 ሐምሌ በፊት የተነገራችሁን ሒሳብ ጣሉት። ያን ጊዜ የባንክ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ዋጋውም ምንዛሬውም ተቀይሯል፤ «በወር በዚህን ያህል ዶላር ይኖራል» የሚለው የድሮ ቪዲዮ ከዛሬው ኑሮ ጋር አይገናኝም።

አሁን ወደ ዋናው ውሳኔ እንሂድ። የዚህ ጉዞ ቁልፍ የባለቤትዎ ሥራ ነው። ባለቤትዎ ሐዋሳ ላይ የዛሬውን 20,000 የሚከፍል ሥራ ቢያገኙ፣ ሠራተኛዋም ብትቀጥል፣ 45,000ው ይበቃል። ሁለቱ የተጣራ ደመወዝ 41,800 ይሆናል፤ ወጪው 39,500። በወር 2,300 ይተርፋል። ብዙ አይደለም፤ ግን ብድሩ ይቆማል። በ15,000 ብር ሥራ ቢያገኙ 600 ብር ይጎድላል፤ እሱ በቁጠባ የሚሸፈን ነው። ጭራሽ ካልሠሩ ግን 7,850 ይጎድላል። ይህን ያህል ጉድለት ሽሮ በመብላት አይሞላም።

የታክሱም አሠራር ሁለት ደሞዝተኛ ያለበትን ቤት ይደግፋል። ያ 2,050 ብር የሚቀነሰው ለእያንዳንዱ ደመወዝ ለየብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻውን 69,000 ከሚያገኝ ሁለት ሰው ተካፍሎ ያንኑ ቢያገኝ ቤት የሚገባው በ2,050 ብር ይበልጣል። ጡረታውንም ያስቡት። ባለቤትዎ ሥራ ሲተዉ በስማቸው በየወሩ የሚገባው 18 በመቶ፣ ማለትም 3,600 ብር፣ ይቆማል። በጡረታ ዕድሜ ወርኃዊ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ስንት ዓመት እንደሠሩ አልነገሩኝም። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ላይ ከሆኑ አሁን ማቋረጡ ከባድ ስህተት ነው።

ከድርጅቱ ጋር ሲደራደሩ «ትንሽ ጨምሩልኝ» አይበሉ፤ ቁጥር ይዘው ይግቡ። ባለቤትዎ በ20,000 ሥራ የሚያገኙ ከሆነና 6,000 ቁጠባውም እንዲኖር ከፈለጉ የእርስዎ ደመወዝ 51,400 መሆን አለበት። ስለዚህ 52,000 ይጠይቁ። መሠረታዊ ደመወዝ አንጨምርም ካሉ የቤት አበል ይጠይቁ። በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የቤት አበል ግብር አለበት፤ የጡረታ መዋጮ ግን የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ከእያንዳንዱ የአበል ብር 65 ሳንቲም ይደርስዎታል። ጉዳቱ ደግሞ ጡረታው ሲሰላ አበሉ አይገባም። ለወጣት ቤተሰብ የዛሬው ገንዘብ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ግን ደመወዙን አሳንሰው አበሉን አግዝፈው የሚያቀርቡ አሠሪዎችን ይጠንቀቁ። የትራንስፖርት አበልም ከግብር ነፃ የሚሆነው በመመሪያ በተወሰነው ልክ ብቻ ነው፤ «ሙሉው ነፃ ነው» ካሉዎት የደመወዝ መክፈያ ወረቀቱን ናሙና ያሳዩኝ ይበሉ። ሕክምናውም ለእርስዎ ብቻ ነው ወይስ ለሚስትና ለልጆችም? ይህ በጽሑፍ ይሁን።

ዓመታዊ ጭማሪንም ውሉ ላይ ያንሱ። በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ከዚያ ወርዷል። ወረደ ማለት ግን ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ዕቃ ረከሰ ማለት አይደለም። በዓመት 12 በመቶ ቢሆን እንኳ የዛሬው 36,000 ወጪ በሚቀጥለው ዓመት 40,320 ይሆናል። ያቺን 4,320 ለመሸፈን ያልተጣራው ደመወዝ በ7,450 ብር ገደማ ማደግ አለበት። ለሦስት ዓመት ያልተነካ ደመወዝ ይዞ መቆየት ማለት በየዓመቱ እየተቀነሰብዎት መሄድ ነው።

ሁለት የሕግ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ለሥራው ብቁ አልሆነም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ያሰናብታል። ስለዚህ የሙከራው ጊዜ ሳያልቅ ቤተሰቡ ከአዲስ አበባ አይነሳ፤ ባለቤትዎም መልቀቂያ አያስገቡ። እርስዎ አንድ ክፍል ይዘው ይቆዩ። ወጪ ይደርብብዎታል፤ ቢሆንም ሁለቱም ሥራ ከሄደ በኋላ ከሚመጣው ይሻላል። ልጁንም የትምህርት ዓመቱ መሐል ላይ አያዛውሩት። ሁለተኛ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች አፈጻጸሙ የሚወሰነው በየክልሉ ስለሆነ ሐዋሳ ላይ ያለውን ከክፍለ ከተማው ይጠይቁ። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ካለዎት ግን ደላላው ምንም ቢል አይክፈሉ።

ምክሬ ይህ ነው። ባለቤትዎ ሥራ የሚተዉ ከሆነ 45,000ውን አይቀበሉ፤ ከ58,500 በታች የሆነውንም እንዲሁ። ባለቤትዎ ዛሬውኑ ሐዋሳ ላይ ማመልከት ይጀምሩ፤ ቅርንጫፍ ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆኑ መጀመሪያ ዝውውር ይጠይቁ፤ እሱ ካልሆነ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሞክሩ። የእሳቸው ሥራ 15,000ና ከዚያ በላይ ከሆነና እርስዎ 52,000 ካገኙ ይሂዱ፤ እዚያ የተሻለ ኑሮ ይኖራችኋል። ድርጅቱ 45,000 መጨረሻዬ ነው ካለና የባለቤትዎ ሥራ ካልተገኘ ባሉበት ይቆዩ። አዲስ አበባ ላይ ወጪያችሁን በዚሁ መንገድ ብንደምረው 42,500 ነው፤ ገቢያችሁ 40,060። ጉድለቱ 2,440 ብር ነው። እዚያው አዲስ አበባ ውስጥ በ12,500 የሚከራይ ቤት ብታገኙ ይዘጋል።